ሐውልቱና ከኋላው ያለው
ስለ አደባባይ ቅርፆች ፎቶግራፍና ስለ ጥራት ጥልቀት

የአደባባይ ሐውልት የሚቆመው በአጠገቡ ለሚያልፈው ሕዝብ ነው። ይሁንና የአዲስ አበባን ሐውልቶች በእግሩ ዞሮ፣ ቀና ብሎ፣ ጥላቸው ሲረዝምና ሲያጥር ተመልክቶ ከሚያውቃቸው ሰው ይልቅ በፎቶግራፍ የሚያውቃቸው ቢበዛ እንጂ አያንስም። ተማሪው በመማሪያ መጽሐፉ፣ ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ፣ ከአገር ርቆ የሚኖረው ደግሞ በእጅ ስልኩ ላይ የሚያየው ሐውልት አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ከአንድ ሥፍራ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሌንስ የመረጠለትን ነው። ቀራፂው ሰው እንዲዞረው አድርጎ የሠራውን ሥራ ፎቶግራፍ አንሺው በአንድ ገጽ ላይ ያስተኛዋል። ስለዚህ ስለ ሐውልት ፎቶግራፍ የሚሰጥ ሂስ የምስሉን ማማር ብቻ ሳይሆን ሐውልቱ ለተመልካቹ ምን ሆኖ እንደ ደረሰው መመርመር ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ ሂስ ሲሰጥ ዘወትር የሚነሡት ብርሃንና የአነሣስ ማዕዘን ናቸው። ሦስተኛው ጉዳይ፣ ማለትም በምስሉ ውስጥ ከፊት እስከ ኋላ ምን ያህሉ ጠርቶ እንዲታይ፣ ምን ያህሉ ደብዝዞ እንዲቀር የመወሰኑ ጉዳይ፣ ለመሣሪያ ዐዋቂ የሚተው ዝርዝር ተደርጎ ይታለፋል። በባለሙያዎች ዘንድ የጥራት ጥልቀት የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን ሐውልት ብቻውን በባዶ ሜዳ የማይቆም፣ ከኋላው ቤተ ክርስቲያን ወይም ባንክ፣ ከፊቱ መንገድና ሕዝብ ያለው በመሆኑ፣ የትኛው ይታይ የትኛው ይደብዝዝ ብሎ መቁረጥ ሐውልቱ ከማን ጋር ይነጋገር ብሎ መቁረጥ ነው።

ለመሆኑ የጥራት ጥልቀትን የሚወስነው ምንድን ነው? ሌንስ በፍጹም ትክክለኛነት የሚያጠራው በአንድ ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ርቀት ወዲህና ወዲያ ያለው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ነገር ግን ድብዘዛው ለዐይን እስኪታወቅ ድረስ የተወሰነ ስፋት አለ። ይህ ስፋት ዲያፍራም የሚባለው የሌንሱ ቀዳዳ ሲጠብ ይጨምራል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ይቀንሳል። ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ሐውልቱ ሲጠጋ ያንሳል፤ ሲርቅ ይበዛል። የሌንሱ የትኩረት ርዝመትም የራሱ ድርሻ አለው። በተለመደው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ወይም በዚያው መጠን በተሠራ የዲጂታል ካሜራ፣ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ቀዳዳ 5 ሜትር ላይ ቢጠራ፣ ከ4.5 ሜትር ገደማ እስከ 5.7 ሜትር ገደማ ያለው ብቻ ጥርት ብሎ ይወጣል። ያው ሌንስ በኤፍ 16 ቀዳዳ እዚያው 5 ሜትር አካባቢ ላይ ቢጠራ ግን ከ2.6 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ይያዛል። በአንድ ቦታ ቆሞ፣ በአንድ ሌንስ፣ የቀዳዳውን ቀለበት በማዞር ብቻ ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ዓለም ወይም ከተማውን በሙሉ መምረጥ ይቻላል ማለት ነው። በቁጥር መሰየሙ ጀማሪውን ግራ ያጋባዋል፤ ቁጥሩ ሲተልቅ ቀዳዳው ይጠባልና።

እዚህ ላይ ስለ ቀደሙት ፎቶግራፎች አንድ የተሳሳተ አስተያየት መታረም አለበት። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት የተነሡ የአዲስ አበባ ሐውልቶች ፎቶግራፎች በአብዛኛው ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ያሉ ናቸው። ይህን አይቶ የዚያ ዘመን ባለሙያ ሐውልቱን ከአካባቢው ጋር አስተሳስሮ የማየት የጠለቀ አመለካከት ነበረው የሚል አለ። ሊኖረውም ይችላል። ነገር ግን በደረቅ ሰማይ፣ በቀትር ፀሐይ፣ በ100 ፍጥነት ፊልም የሚሠራ ሰው በኤፍ 16 ላይ በሰከንድ 1/125ኛ ያነሣል። ያንኑ ምስል በኤፍ 2 ለማንሣት ከፈለገ መዝጊያው በሰከንድ 1/8000ኛ መሥራት ይገባዋል። እንደ ሶቪየቱ ዜኒት-ኢ ያለው ካሜራ ደግሞ ከ1/500ኛ በላይ አይፈጥንም። ስለዚህ በእጁ ዜኒት የያዘ ሰው፣ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ማጣሪያ በሌንሱ ላይ ካልገጠመ በስተቀር፣ ቀዳዳውን ከኤፍ 8 አስፍቶ ማንሣት አይችልም ነበር። የምስሉ ጥራት የአመለካከት ውጤት ሳይሆን የፀሐዩና የመሣሪያው ግዴታ ነው። ግዴታን እንደ ምርጫ አድርጎ ማወደስ ለሂስ አይበጅም።

ዛሬ ግዴታው ተነሥቷል። የዘመኑ ካሜራዎች መዝጊያ 1/8000ኛና ከዚያም በላይ ይፈጥናል። በዚህ ነፃነት የተገኘው ፍሬ ግን በብዙው የሚያስደስት አይደለም። ከኋላ ያለውን ሁሉ አደብዝዞ ሐውልቱን ብቻውን ማውጣት የባለሙያነት ምልክት ሆኖ ተቆጥሯል። የእጅ ስልኩም በበኩሉ ይህን ፋሽን አስፋፍቶታል። የስልክ ሌንስ በተፈጥሮው እጅግ አጭር የትኩረት ርዝመት ስላለው፣ ጥቂት ሜትሮች ርቆ የቆመ ሐውልት ሲነሣበት ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ጠርቶ ይወጣል። ተጠቃሚው የሚያየው ድብዘዛ በሌንሱ የተፈጠረ ሳይሆን ስልኩ አስልቶ በኋላ የሚቀባው ነው። ስሌቱ የሰውን ፊት እንዲለይ የተዘጋጀ ስለሆነ በሐውልት ላይ ሲሠራ ይሳሳታል፤ የፈረሱን ልጓም ከሰማዩ ጋር ያደበዝዘዋል፤ በክንድና በወገብ መካከል ባለው ክፍተት የሚታየውን ዛፍ ሳያደበዝዝ ይተወዋል። ቀራፂው ክፍተቱን የሠራው እንደ ክንዱ ሁሉ በጥንቃቄ ነው። ያን የሚያበላሽ ምስል ሐውልቱን አሳይቷል ለማለት ያስቸግራል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ እንዳልሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ነው። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የፋሺስት ኃይል በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለተከታታይ ቀናት የፈጸመውን ጭፍጨፋ ያስታውሳል። በሐውልቱ ላይ ያሉትን የግድግዳ ቅርፆች የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ሲሆኑ፣ ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በእነዚህ ቅርፆች ውስጥ የሰው አካል በሰው አካል ላይ ተደራርቦ፣ ገዳይና ተገዳይ በአንድ ገጽ ተጨናንቆ ይታያል። ተመልካቹ አንዱን ፊት ከሌላው ለይቶ ለማየት ይቸገራል፤ መቸገሩም የሥራው ሐሳብ ነው።

ታዲያ በእነዚህ ቅርፆች ፊት የሚቆም ፎቶግራፍ አንሺ ብዙውን ጊዜ ምን ያደርጋል? ረዘም ያለ ሌንስ ይገጥማል፤ ወደ ጎን ይቆማል፤ ቀዳዳውን ይከፍታል፤ አንድ ፊት መርጦ ያጠራል። ባለ 135 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2.8 ቀዳዳ ከ5 ሜትር ርቀት ሲነሣበት የጥራቱ ጥልቀት ከ23 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ከመረጠው ፊት በስተኋላ ያሉት ሰዎች ሁሉ ወደ ለሰለሰ ጥላ ይለወጣሉ። ምስሉ ያምራል፤ ሐዘኑም ይሰማል። ነገር ግን የአንድ ሰው ሐዘን ሆኗል። ቀራፂዎቹ የሕዝብ ዕልቂት ብለው የሠሩትን ሌንሱ የአንድ ሰው የፊት ገጽታ አድርጎታል። የሞቱት ለሁለተኛ ጊዜ በጅምላ ከዐይን ተወስደዋል ቢባል ቃሉ አይበዛበትም። እዚያው ሥፍራ፣ በዚያው ሌንስ፣ ከቅርፁ ፊት ለፊት ተቁሞ በኤፍ 8 ቢነሣ ጥልቀቱ ወደ 65 ሴንቲሜትር ያድጋል፤ ፊት ለፊት የቆመ ግድግዳ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አይጠይቅም። ሁሉም ፊቶች እኩል ይጠራሉ። ምስሉ ምናልባት ለቀን መቁጠሪያ አይመረጥም፤ የሚናገረው ግን ሐውልቱ የሚናገረውን ነው።

ይህ ሲባል ድብዘዛ በጠቅላላው ስሕተት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 በሳን ፍራንሲስኮ አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተንና ባልደረቦቻቸው ያቋቋሙት ቡድን ስሙን የወሰደው ከጠባቡ የሌንስ ቀዳዳ፣ ከኤፍ 64 ነው። ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ መታየት አለበት የሚለው አቋማቸው በዚያ ዘመን ፎቶግራፍን የለሰለሰ ሥዕል ለማስመሰል ይደረግ የነበረውን ጥረት የሚቃወም ነበር። ከዚያ ክርክር ውጭ ተወስዶ እንደ ሕግ ቢያዝ ግን የመንገድ መብራቱ ምሰሶ፣ የማስታወቂያው ሰሌዳና የቆመው ታክሲ ከሐውልቱ እኩል ይናገራሉ። እኩል የሚናገሩ ድምፆች ደግሞ ጫጫታ ናቸው። በየአደባባዩ ላይ የሽቦ ድር በበዛበት ከተማ ውስጥ ያለ ማደብዘዝ የሚሠራ ሰው ብዙ ሊቸገር ይችላል።

የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ነቅለውት ከነፃነት በኋላ ወደ ሥፍራው ተመልሷል። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሞ የፊት እግሮቹን ወደ አየር አንሥቷል። ከአንድ ወገን ሲታይ ከበስተኋላው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቤተ ክርስቲያኑ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው፤ ድሉም የተገኘው በ1888 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን ነው። እንግዲህ ፈረሰኛውን ንጉሥ አጥርቶ ቤተ ክርስቲያኑን ፈጽሞ ያደበዘዘ ምስል ንጉሡን ከዘመቻው ለይቶታል። ሁለቱንም እኩል ያጠራ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ የፈረሱ ጭንቅላት ከሕንፃው መስመሮች ጋር ተጣብቆ ቅርፁ ይጠፋል። መካከለኛው መንገድ ቀዳዳውን ከኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8 ባለው ውስጥ ይዞ፣ ፈረሰኛውን በሙሉ ጥራት፣ ሕንፃውን ግን ቤተ ክርስቲያን መሆኑ እስኪለይ ብቻ ማስቀረት ነው። መደብዘዝና መጥፋት አንድ አይደሉም። በዚህ ልዩነት ላይ መሥራት የሚችል ባለሙያ የጥራት ጥልቀትን ተምሯል ሊባል ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በዚያው አካባቢ ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ለምርጫው ሌላ ዳራ ተጨምሮለታል። ሐውልቱን ከአዲሱ ሕንፃ ጋር ያጣመረ ምስልና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ያጣመረ ምስል ስለ አንድ ጦርነት የተጻፉ ሁለት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ቀዳዳው ሁሉን ይችላል ብሎ ማመንም ሌላ ሞኝነት ነው። በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የቆመው፣ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የሠራው የድንጋይ አንበሳ ይህን ያስተምራል። ካልካ የአንበሳውን አካል ፀጉርና ጅማት እየለቀመ አልሠራም፤ በትልልቅ ጠፍጣፋ ገጾች ከፋፍሎታል። አጠገቡ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ወጥቷል። ብዙዎች ሕንፃውን በድብዘዛ ለማጥፋት ይሞክራሉ፤ አይሳካላቸውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንበሳውን በሙሉ ለመያዝ ሃያ ሜትር ያህል መራቅ ግድ ይላል። ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ቀዳዳ 20 ሜትር ላይ ሲጠራ ከ13 ሜትር ተኩል እስከ 38 ሜትር ያለው በሙሉ ጥርት ብሎ ይገኛል፤ ከዚያ ያለፈውም የሚደበዝዘው እጅግ በጥቂቱ ነው። የሕንፃው መስኮቶች ለስለስ ይሉ እንደሆነ እንጂ ሕንፃው የትም አይሄድም። ትልቅ ሐውልት በሩቅ ሲነሣ ድብዘዛ መሣሪያ መሆኑ ያቆማል። ያን ጊዜ መንቀሳቀስ ያለበት ቀለበቱ ሳይሆን እግር ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ ወይም ዝቅ ብሎ ቅርፁን ከሰማይ ጋር ማገናኘት፣ ወይም ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ መጥቶ የአንበሳውን ገጾች ግማሹን በብርሃን ግማሹን በጥላ ማግኘት ሌንስ የማይሠራውን ይሠራል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ በትምህርት ቤቶች የፎቶግራፍ ክበባት ውስጥ ሳይቀር የሚነገር ስሕተት አለ። ረጅም ሌንስ የጥራትን ጥልቀት ያሳጥራል ይባላል። ሐውልቱ በምስሉ ውስጥ የሚይዘው መጠን እኩል እስከሆነ ድረስ ግን ይህ እውነት አይደለም። ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ5 ሜትር፣ ባለ 135 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ ከ13 ሜትር ተኩል አንድን ሐውልት እኩል አድርገው ይይዙታል። ሁለቱም በኤፍ 4 ቢሆኑ የመጀመሪያው 2.55 ሜትር፣ ሁለተኛው 2.4 ሜትር ያህል ጥልቀት ይሰጣል። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የሚለወጠው የዳራው ስፋት ነው። ረጅሙ ሌንስ ከኋላ ካለው ዓለም ጥቂቱን ቆርጦ አጉልቶ ያመጣል፤ ድብዘዛውም አብሮ ይጎላል። አጭሩ ሌንስ ብዙ ዳራ አሳንሶ ያስገባል፤ ስለዚህ ድብዘዛው ትንሽ ይመስላል። አንዱ ሐውልቱን ከከተማው ይነጥላል፤ ሌላው በከተማው ውስጥ ያቆመዋል። መምህራን ይህን አስተካክለው ቢያስተምሩ ወጣቶቹ ውድ ሌንስ ፍለጋ ከሚደክሙት ድካም በከፊል ያርፋሉ።

ሐውልትን እንዴት ማንሣት ይገባል የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሃይንሪኽ ቮልፍሊን እ.ኤ.አ. በ1896 እና በ1897፣ በኋላም በ1915 በዚህ ላይ ጽፏል። የጥንቱና የህዳሴው ዘመን ቀራፂ ለሥራው አንድ ዋና ገጽ እንደመረጠለት፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ግን ለውበት ሲሉ ወደ ጎን እየሄዱ ያን ገጽ እንደሚያፈርሱት ተከራክሯል። የቮልፍሊን ክርክር ስለ መቆሚያ ሥፍራ እንጂ ስለ ጥራት ጥልቀት አልነበረም። ቢሆንም ጎን ለጎን መቀመጥ ይገባቸዋል፤ ዋናውን ገጽ መርጦ በፊቱ የቆመ ሰው ቀዳዳውን ያለ ልክ ከፍቶ ከአፍንጫ በስተኋላ ያለውን ሁሉ ካደበዘዘ፣ ወደ ጎን ከሄደው የተሻለ አላደረገም።

ሩማንያዊው ቀራፂ ኮንስታንቲን ብራንኩሺ በተቃራኒው መንገድ ሄዷል። ሌሎች ሥራዎቹን ሲያነሡለት ስላልረካ ካሜራ ገዝቶ ራሱ ማንሣት ጀመረ። በመሣሪያው አጠቃቀም የረዳው አሜሪካዊው ማን ሬይ፣ ብራንኩሺ ያሳየው ምስሎች የተደበዘዙ፣ ብርሃናቸው የበዛ ወይም ያነሰ፣ የተጫጫሩ እንደ ነበሩ በትዝታ መጽሐፉ ጽፏል። ብራንኩሺ ግን ሥራዎቹ መታየት ያለባቸው እንደዚያ እንደሆነ አምኖ ቀጠለ። በዚህ ታሪክ ተመክቶ ያልጠራ ምስሉን ሁሉ ጥበብ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ብራንኩሺ የሚያደበዝዘው የገዛ እጁን ሥራ ነበር፤ ምን እንደሚሰውር ያውቃል። የሌላውን ሰው ሐውልት፣ ይልቁንም የሕዝብን መታሰቢያ የሚያነሣ ያን ያህል መብት የለውም።

በትግላችን ሐውልት ፈተናው ሌላ ነው። በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ መታሰቢያ 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ዐምድ፣ ከዐምዱ ፊት የቆሙ ቅርፆች፣ በግራና በቀኝም ረጃጅም የግድግዳ ቅርፆች አሉት። ቅርፆቹ የተሠሩት በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ነው። የፖለቲካ ይዘቱን በሚመለከት ተመልካቾች ይለያያሉ፤ ለዚህም ነው ምስሉ በታማኝነት መያዝ ያለበት። አሠራሩ ተደራራቢ ስለሆነ የፊተኞቹን ሰዎች አጥርቶ ዐምዱን የሚያደበዝዝ ምስል ወይም ዐምዱን ይዞ ሰዎቹን የሚተው ምስል የመታሰቢያውን ሐሳብ በግማሽ ይቆርጠዋል። ባለ 28 ሚሊሜትር ሰፊ ሌንስ በኤፍ 11 ቀዳዳ 2.4 ሜትር ላይ ቢጠራ ከ1.2 ሜትር ጀምሮ እስከ ዐምዱ ጫፍ ያለውን ሁሉ ይይዛል።

የግድግዳ ቅርፆቹን ከጫፍ ሆኖ በሰያፍ ለማንሣት ለሚፈልግ ግን ጥቂት ስሌት ያስፈልገዋል። የግድግዳው ቅርብ ክፍል 4 ሜትር፣ ሩቁ 12 ሜትር ላይ ነው እንበል። ልምድ የሌለው ሰው መካከሉን፣ ማለትም 8 ሜትር ላይ ያለውን ያጠራል። በባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 8 ይህን ሲያደርግ ሩቁ በትርፍ ይጠራለታል፤ የቅርቡ ግማሽ ሜትር ግን ይደበዝዝበታል፤ ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያየውም ያን ነው። ጥራት ከተመረጠው ነጥብ ወዲህ ካለው ይልቅ ወዲያ ያለውን አብልጦ ስለሚሸፍን፣ በዚያው ቀዳዳ 6 ሜትር ላይ ቢያጠራ ከ3.8 እስከ 14 ሜትር ያለው ሁሉ በደኅና ይያዝለታል። ባለ ትልቅ ፊልም ካሜራ ያለው ሰው ሌንሱን ከግድግዳው ጋር አዘንብሎ የጥራቱን ገጽ በግድግዳው ላይ ማስተኛት ይችላል፤ ኦስትሪያዊው ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ እ.ኤ.አ. በ1904 በፓተንት ያስመዘገበው አሠራር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ሌላው ግን በስሌቱ ይበቃዋል። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 አጥብቦ መገላገልም አይመከርም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ በጥቂቱ ይለሰልሳል፤ የመዶሻና የመሮ ምልክት የሚጠፋውም በዚህ ነው።

ልምምዱን የሚጀምር ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ወደ ጢያ ቢሄድ ከየትኛውም አደባባይ ይልቅ ይማርበታል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ ሥፍራ 36 የቆሙ ድንጋዮች ያሉ ሲሆን፣ 32ቱ ቅርፅ የተቀረፀባቸው፣ አብዛኞቹም የሰይፍ ምስል ያለባቸው ናቸው። ሽቦ የለም፤ ሕንፃ የለም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ኋላ ተሰልፏል። ተማሪው በአንድ ቦታ ቆሞ የቅርቡን ድንጋይ በኤፍ 2.8፣ በኤፍ 8ና በኤፍ 16 ቢያነሣ ሦስት ሥራዎች ያገኛል። በመጀመሪያው ሰይፎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል፤ ብቻውን የቆመ መቃብር ይመስላል። በሁለተኛው ከኋላው ጓዶች እንዳሉት ይታወቃል። በሦስተኛው ሠራዊት ነው። ከሦስቱ የትኛው እውነት እንደሆነ መምህሩ መንገር የለበትም፤ ተማሪው ራሱ ምስሉን ይዞ ይከራከር። ሥፍራው ግን የጋራ መካነ መቃብር እንደሆነ ሳይነገረው መከራከር የለበትም።

በአክሱም ግን ይህ ነፃነት ይጠባል። ከሮም በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዳግመኛ የተመረቀው ሐውልት 24 ሜትር ይረዝማል። ይህን ርዝመት የሚያስረዳው ከሥሩ የቆመ ሰው ነው። ሰውየው ወደ ካሜራው ቀርቦ ተደብዝዞ ከሆነ ወይም ሐውልቱ ከሩቅ ለስልሶ ከቀረ ዐይን ሁለቱን ማመዛዘን ያቅተዋል፤ ሃያ አራት ሜትሩም በገጹ ላይ እንደ ማንኛውም ዐምድ ይሆናል። እዚህ ላይ ሰውየውን ከድንጋዩ አጠገብ አቁሞ ሁለቱን በአንድ ርቀት ላይ ማድረግ ከማንኛውም የቀዳዳ ቁጥር ይበልጣል።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ጉዳይ ከሌሎቹ ተለይቶ መታየት አለበት። በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በፋሺስቶች የተገደሉት ጳጳስ መታሰቢያ በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር መሥመር ግንባታ ሲባል ከሥፍራው ተነሥቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። በመነሣቱ ጊዜ ብዙ ሰው የቀድሞ ፎቶግራፎችን መፈለግ ጀምሮ ነበር። ቀዳዳው በሰፊው ተከፍቶ የተነሡት የሐውልቱን ፊት አሳምረው ይዘዋል፤ ከኋላው ያለው ግን አረንጓዴና ግራጫ ጭጋግ ነው፤ የት እንደቆመ፣ ወዴት እንደሚያይ፣ በዙሪያው ምን እንደነበረ ከእነርሱ ማወቅ አይቻልም። በጠባብ ቀዳዳ የተነሡት፣ ምናልባትም በጊዜው እንደ ተራ የፖስት ካርድ ሥራ ተንቀው የነበሩት፣ የመንገዱን ጠርዝ፣ ዛፎቹን፣ በሩቅ የሚታዩትን ቤቶች ሳይቀር ይዘዋል። ሐውልቱ ወደ አደባባዩ ተመልሷል። የቀድሞው አደባባይ ያለው ግን በእነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ ብቻ ነው።